በሩን የያዘው ማን ነው?

ማሽን በስሕተት መልእክት ሲናገር ሰው እንደ ስድብ ይሰማዋል። ከመጠየቁ በፊት ያጠፋል፣ ያስነሣል፣ ይሰርዛል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ብሂል ግን ለማጀት ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለሰርቨር ክፍልም ይሆናል።

ከሩቅ ወደ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስገባውን ኤስ ኤስ ኤች የተባለ ፕሮግራም በ1995 እ.ኤ.አ. የጻፈው ፊንላንዳዊው ታቱ ኢሎነን ነው። የይለፍ ቃል በመስመር ላይ እየተሰረቀ ባስቸገረበት ወቅት፣ በምስጢር ጽሕፈት የተጠበቀ መግቢያ ለማበጀት ሲል ነበር። የተሰጠው ፖርት 22 ነው፤ በፋይል ማስተላለፊያው 21 እና በቴልኔት 23 መካከል ክፍት ሆኖ የተገኘ ቁጥር።

ፖርት በር ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ቁጥሩ እስከ 65,535 ይደርሳል፤ ሆኖም በአንድ አድራሻ፣ በአንድ በር ላይ እንግዳ የሚቀበለው ዘበኛ በደንቡ አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው ልቁም ቢል «አድራሻው ተይዟል» ተብሎ ይመለሳል። መልእክቱ ከዚህ አያልፍም፤ የያዡን ስም አይጠራም። ስሙንና መለያ ቁጥሩን የሚናገሩት፣ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ሲጠየቁ፣ ኤስ ኤስ እና ኤል ሶፍ የተባሉት ትእዛዞች ናቸው።

ያዡ ብዙ ጊዜ ባዕድ አይደለም። ቀድሞ የተነሣው ያው ሰርቨር ራሱ ሆኖ ይገኛል። በ2022 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከኡቡንቱ 22.10 ጀምሮ ደግሞ በተለመደው አሠራር በሩን የሚጠብቀው ሲስተምዲ ነው፤ እንግዳ ሲያንኳኳ ሰርቨሩን ይቀሰቅሳል። ይህን ያላወቀ ሰው ሰርቨሩ የተኛ መስሎት በእጁ ሊያስነሣው ሲሞክር በሩ ተይዞ ያገኘዋል።

ጥድፊያ ዋጋ የሚያስከፍለው ሰርቨሩ በሌላ ከተማ ሲሆን ነው። ያዡን ሳያጣራ ያስቆመ ባለሙያ፣ የገባበት ግንኙነት ለጊዜው ባይቋረጥም፣ መስመር በጠፋ ቅጽበት ከውጭ ይቀራል። በስፍራው የሚረዳው ሰው ከሌለ፣ የሚቀረው አውቶቡስ ተሳፍሮ መሄድ ነው። ወደ 2222 መሸሽም ይቻላል፤ ነገር ግን ለአዲሱ በር ፋየርዎሉን መክፈት፣ ተጠቃሚዎችንም ማሳወቅ ይከተላል።

ልምድ ያለው ሰው አስቀድሞ ያዡን ይለያል። ለውጡን ካደረገ በኋላም የተከፈተውን ግንኙነት ሳይዘጋ በሌላ መስኮት እንደ አዲስ ገብቶ ይፈትናል። ሁለተኛው መግቢያ መሥራቱን በዓይኑ ሲያይ ብቻ የመጀመሪያውን ይዘጋል።