ጥቁሩ መስመር ከየት መጣ?

ዛሬ ስለ አያቴ ቴሌቪዥን ላጫውታችሁ።

አያቴ ወገቧን ከታመመች ወዲህ ከአልጋ አትነሳም። በመካነ ሰላም ብርድ ደግሞ ደጅ አውጥተን አናስቀምጣትም። እሷን የሚያስጨንቃት ግን ከሕመሙ ይልቅ ግቢው ነው። «ጥጃዋ ታሰረች? ጭልፊቱ ጫጩቶቹን አልወሰደም? ማነው የገባው?» ስትል ትውላለች። «ሁሉም ደህና ነው» ብንላት አታምነንም።

ጋራዥ የሚሠራው አጎቴ ከመኪና የተፈታ የኋላ ማሳያ ካሜራ ሰጠኝ። አሮጌውን ቴሌቪዥን አልጋዋ አጠገብ አስቀመጥን፣ ካሜራውን በረንዳ ላይ ሰቀልን፣ በመሐል ተራ ሽቦ ዘረጋን። ግቢው ታየ! ግን አንድ ወፍራም ጥቁር መስመር ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል። እናቴ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ስትጋግርማ ባሰበት፤ ምስሉ ሁሉ ተጣመመ። አያቴም «ይሄ ምንድን ነው፣ ጭስ ነው?» አለችኝ።

አጎቴ «ሁሉንም ባንዴ አትነካካ፤ አንዱን ብቻ ቀይርና እይ» አለኝ። መጀመሪያ አዳፕተሩን ነቅለን ካሜራውን በሞተር ሳይክል ባትሪ አስነሳነው፤ የሚፈልገው 12 ቮልት ነው። መስመሩ አልጠፋም፤ አዳፕተሩ ነጻ ወጣ። ቀጥሎ ቆጣሪውን አጥፍተን ሽቦውን የምጣዱ ገመድ ካለበት ግድግዳ አራቅነው። መብራቱን መልሰን ስናይ መስመሩ ሳስቷል። ሌባው ተገኘ!

የሳይንስ መምህራችንን ስጠይቃቸው ያስረዱኝ ነገር በጣም ነው የገረመኝ። የአገራችን መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ካሜራው ላይ «ፓል» የሚል ተጽፏል፤ ፓል ማለት በሴኮንድ 25 ምስል ይልካል፣ እያንዳንዱንም ለሁለት ከፍሎ። ስለዚህ 50 ግማሽ ምስል ይሆናል። ሁለቱ 50ዎች እኩል ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀራቸው፤ በዚያች ትንሽ ልዩነት ነው መስመሩ አንድ ቦታ ሳይቆም እየተንፏቀቀ የሚሄደው።

መፍትሔው የዲሽ ገመድ ሆነ። ልጣችሁ ብታዩት መሐሉ ላይ አንድ ሽቦ አለ፣ ዙሪያውን ደግሞ ጥልፍልፍ መረብ። መረቡ ከውጭ የሚመጣውን ረብሻ ይከላከላል። ይህን ዓይነት ገመድ በ1880 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር በስሙ ያስመዘገበው ኦሊቨር ሄቪሳይድ ነው። ሰውየው በ16 ዓመቱ ትምህርት ቤት አቁሞ (መምህራን ይቅርታ!) ራሱን በራሱ ነው ያስተማረው።

አሁን እንጀራ እየተጋገረም ምስሉ ጥርት ይላል። ባለፈው ቅዳሜ ጭልፊቱን ከሁላችን በፊት ያየችው አያቴ ናት፤ በጩኸቷ ጎረቤት ሁሉ ወጣ፣ ጫጩቶቹም ተረፉ።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ካሜራው ለመኪና ኋላ የተሠራ ስለሆነ ግራውን ቀኝ አድርጎ ነው የሚያሳየው። አያቴ «የግቢያችንን በር ማን አዞረው?» ማለቱን አልተወችም። ምስሉን መገልበጥ የምትችሉ ካላችሁ በረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያ ክፍል ብቅ በሉ።