የጋቢናው ጩኸት

ታላቅ ወንድሜ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ መንገዱ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ። ስኳር ከያዘው ወዲህ ኢንሱሊኑን ከአፋር ሙቀት የምታድንለት ትንሽ ማቀዝቀዣ ጋቢናው ውስጥ አስገባ። እሷ ደግሞ 220 ቮልት እንጂ የመኪናውን 24 አታውቅም፤ ኢንቨርተር ተገዛ። ርካሹ።

አብሬው የሄድኩ ዕለት ሬዲዮውን ሲከፍት የሰማነው የንብ ቀፎ ነው። ኢንቨርተሩ የባትሪውን ኃይል በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየቆራረጠ ነው 220 የሚያደርገው፤ ትርፍራፊው በሽቦው እየወጣ መካከለኛውን ሞገድ ይረብሻል።

«ወይ መድኃኒትህን ወይ ዜናህን ምረጥ አለኝ እኮ!» አለ። አላሳቀኝም፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚያባርርለት ያ ሬዲዮ ነበርና።

ሚሌ አድረን ሠራነው። (የእኔ ድርሻ ባትሪ መብራት መያዝ ነበር።) ሁለቱ ሽቦዎች ረዝመው፣ ተራርቀው ተዘርግተዋል፤ ያ ራሱ አንቴና ነው። ኢንቨርተሩን ከሬዲዮው አርቀን ወደ ባትሪው አስጠጋነው፤ ሽቦዎቹን አሳጥረን እርስ በርስ ጠመዘዝናቸው፤ ፊውዙን ባትሪው አጠገብ አደረግን። የሻንሲውን ቀለም ፍቀን የኢንቨርተሩን ቆርቆሮ ከብረቱ ጋር አሰርን። ከአሮጌ የኮምፒውተር ገመድ የወጣች የፌራይት ቀለበትም አጠለቅንበት።

ጩኸቱ ጨርሶ አልጠፋም። ሰመራን ስናልፍ ግን የዜና አንባቢው ድምፅ በላዩ ይሰማ ነበር። ወንድሜ መኪናውን ዳር አቁሞ የመድኃኒቱን ብልቃጥ አወጣና ጉንጬ ላይ አስነካኝ። ቀዝቃዛ ነው።