በዌስትሚኒስተር ያለው የእንደራሴዎች ቤት

ወደ ሎንዶን ከተማ የሄደ መንገደኛ በቴምዝ ወንዝ ዳር የቆመውን የዌስትሚኒስተርን ቤተ መንግሥት ሳይጐበኝ አይመለስም። የቀድሞው ሕንፃ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1834 ዓ.ም. በእሳት ስለ ጠፋ፥ ዛሬ የሚታየው ሕንፃ አብዛኛው ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። የእንግሊዝ መኳንንት ምክር ቤትና የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት የሚሰበሰቡት በዚሁ ነው።

በሁለቱ ምክር ቤቶች መካከል ስምንት ማዕዘን ያለው አዳራሽ ይገኛል። ጐብኚ ሁሉ የጣራውን ጌጥ ያደንቃል፤ ነገር ግን በዚያ አዳራሽ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር አንዲት አረንጓዴ ወረቀት ናት። ከሩቅ አውራጃ የመጣ ሰው እንደራሴውን ለማነጋገር ቢሻ ስሙን በዚህች ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ የቤቱም አገልጋይ ወረቀቷን ይዞ እንደራሴውን ይፈልግለታል። ባያገኘውም ወረቀቷ በኋላ ትደርሰዋለች።

አገሩ በ650 የምርጫ ወረዳ የተከፈለ ሲሆን፥ እያንዳንዱ ወረዳ የሚልከው አንድ ሰው ብቻ ነው። በአንዱ ወረዳ ውስጥ ያለው መራጭ ብዙውን ጊዜ ከ70 ሺህ ይበልጣል። የተመረጠው ሰው የመረጡትን ብቻ ሳይሆን ያልመረጡትንም ጉዳይ እንዲሰማ ይጠበቅበታል።

የመምከሪያው ክፍል በ1941 ዓ.ም. በጀርመን ቦምብ ፈርሶ በ1950 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። ሊሰፋ ይችል ነበር፤ ሆኖም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችል ክርክር የሚያምረው በጠባብ ቤት ነው ብለው ስለ ተሟገቱ፥ እንደ ቀድሞው ሆኖ ተሠራ። መቀመጫው ለ427 ሰው ብቻ ስለሆነ በታላቅ ጉባኤ ቀን ብዙዎቹ ቆመው ይውላሉ። መንግሥትን የሚደግፉትና የሚቃወሙት ፊት ለፊት ይቀመጣሉ።

ድምፅ በሚሰጥበት ጊዜ ደወል ይደወላል፤ ከ8 ደቂቃ በኋላም በሩ ይዘጋል። የሚስማማው በአፈ ጉባኤው ቀኝ፥ የማይስማማው በግራ ባለው መተላለፊያ ያልፋል። የእያንዳንዱ ስም ተጽፎ ስለሚታተም፥ መራጩ እንደራሴው በየትኛው በር እንዳለፈ በማግሥቱ ያውቃል።

ሴቶች በዚህ ቤት ቦታ ያገኙት በብዙ ድካም ነው። ቀድሞ ክርክሩን የሚሰሙት በሰገነት ላይ ከብረት ፍርግርግ በስተኋላ ተቀምጠው ነበር። ፍርግርጉ በ1917 ዓ.ም. ተነሣ፤ በ1919 ዓ.ም. ወይዘሮ ናንሲ አስተር በወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ሴቶች በመምረጥ ከወንዶች ጋር እኩል ሆኑ። በ2024 ዓ.ም. ምርጫ የተመረጡት ሴቶች 263 ናቸው። ያ ፍርግርግ ዛሬ በስምንት ማዕዘኑ አዳራሽ መስኮቶች ላይ ተተክሎ ይታያል።

እንደራሴው በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ወረዳው ተመልሶ፥ በቤተ መጻሕፍት ወይም በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተቀምጦ ባለጉዳዮችን አንድ በአንድ ያነጋግራል። ቤት ያጣ፥ ጡረታው የዘገየበት፥ ልጁ የታመመበት ሁሉ ይመጣል። ይህ ቅርበት ግን ዋጋ አስከፍሏል። ወይዘሮ ጆ ኮክስ በ2016 ዓ.ም.፥ ሰር ዴቪድ ኤሜስ በ2021 ዓ.ም. መራጮቻቸውን ሊያነጋግሩ በሄዱበት ስፍራ ተገደሉ። የሁለቱም መታሰቢያ ጋሻ በመምከሪያው ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከዚያ ወዲህ ጥበቃው ቢጠነክርም ባለጉዳይን መቀበሉ አልቀረም።

አባቶቻችን መልካም ጌታን «የነገሩትን የማይረሳ፥ የለመኑትን የማይነሣ» ይሉታል። እንደራሴ የለመኑትን ሁሉ ሊፈጽም አይችልም፤ የነገሩትን ግን ሊረሳ አይገባውም። «እንደ ራሴ» የተባለውም ስለዚህ ነው፤ ማንም ሰው የራሱን ጉዳይ አይረሳምና። በሩን ለባለጉዳይ የዘጋ ሰው ግን በምክር ቤት ቢቀመጥም ቃሉ የራሱ ብቻ ነው።