የማይዞረው ማዞሪያ

ሙዚቃ የሚቀረጽበት ስቱዲዮ ገብታችሁ የባለሙያውን ኮምፒውተር ብትመለከቱ ስክሪኑን በማዞሪያ ተሞልቶ ታገኙታላችሁ። ብረት የሚመስል ሰሌዳ፣ ክብ ክብ ጥቁር ማዞሪያ፣ በላዩ ነጭ መስመር፣ በአንድ ወገን የውሸት ብርሃን፣ በሌላው የውሸት ጥላ። አንዳንዱ ሠሪማ ሰሌዳው እንዳይወድቅ ነው መሰለኝ፣ በአራቱም ማዕዘን ብሎን ስሎበታል። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ሰው የያዘው ግን ማውስ ነው፤ ማውስ ደግሞ መንሸራተት እንጂ መዞር አያውቅም። ድረ ገጽ እየሠራሁ የምኖር ሰው ነኝና፣ ይህ ክብ ነገር ከየት ተነስቶ እዚህ ደረሰ ማለቴ አልቀረም።

ማዞሪያ በመሠረቱ የጣትና የጆሮ ነገር ነው። ክራር የሚቃኝ ሰው ዓይኑ የትም ሊሆን ይችላል። ጥቂት ያጠብቃል፣ ክሩን ይመታል፣ ያዳምጣል፣ ትንሽ ይመልሳል። ሬዲዮም ሲመጣ ይህንኑ ጠባይ ወረሰ። አጎቴ በደርግ ዘመን የጀርመን ድምፅን የሚሰማበት የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ነበረው፤ ጣቢያው ሲሸሽ በሁለት ጣት እያባበለ የሚመልሰው ሰውዬ ነበር። አንድ ጊዜ ለጥገና ሲከፈት አጠገቡ ቆሜ ውስጡን አየሁ። የማዞሪያው ዘንግ ቀጭን ነው፤ ስስ ክር ተጠምጥሞበታል። ክሩ በትንንሽ መዘውሮች ላይ አልፎ ሰፊ መንኮራኩር ይዞራል፤ በመንገዱ ላይ ቀዩዋን መርፌ አንጠልጥሎ ቁጥሮቹ ፊት ለፊት ይጎትታታል። ከመንኮራኩሩ ጋር የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ስስ የብረት ቅጠሎች ይዞራሉ፤ ከማይንቀሳቀሱት ቅጠሎች መካከል በገቡ ወይም በወጡ መጠን ሬዲዮው የሚይዘው ሞገድ ይለወጣል።

የብልሃቱ ሁሉ ሥር ያ ቀጭን ዘንግና ያ ሰፊ መንኮራኩር ናቸው። ማዞሪያው ደጋግሞ ሲዞር መርፌዋ ትንሽ ብቻ ትሄዳለች። በአጭር ሞገድ ጣቢያዎቹ በ5 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት የተደረደሩ ስለሆኑ፣ ያለዚህ ብልሃት አንዱን ጣቢያ ፈልጎ ሦስት ማለፍ ነበር። ዛሬ ተጠቃሚውን «ለጥቃቅን ማስተካከያ ሺፍትን ተጭነው ይጎትቱ» እያልን የምናስቸግርበት ጉዳይ ያኔ በአንድ ክንድ ክር ተፈትቶ ነበር።

ከሬዲዮ ወደ ሙዚቃ መሣሪያ የተደረገው ጉዞ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የሮበርት ሙግ ሚኒሙግ ፊቱ በሙሉ ማዞሪያ ነበር፤ እያንዳንዱ አንድ ሥራ ብቻ ነበረው። ግን እያንዳንዱ ማዞሪያ ገንዘብ ነው። በ1983 የያማሃ ዲኤክስ7 ሲመጣ ማዞሪያዎቹ ጠፍተው ጠፍጣፋ ቁልፎችና የተመረጠውን ቁጥር ከፍና ዝቅ የሚያደርግ አንድ ስላይደር ተተኩ። አብዛኛው ተጫዋች ፋብሪካው ሞልቶ በላከው ድምፅ ረክቶ ቀረ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የስዊድኖቹ ሪበርዝ ፕሮግራም የሮላንድን አሮጌ መሣሪያዎች ከነማዞሪያቸው ስክሪን ላይ ሲስል ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ፤ የተሳለ ማዞሪያ ዋጋ የለውምና ሠላሳም ሃምሳም መደርደር ተቻለ። አፕል እንኳ በ1999 ባወጣው የኩዊክታይም 4 ማጫወቻ ላይ የድምፅ መጨመሪያውን በአውራ ጣት የምትገፋ መንኮራኩር አስመስሎ ሠራው። የኪስ ሬዲዮ ላይ ግሩም ናት። በማውስ ሲሆን ግን መጎተት፣ መልቀቅ፣ ወደ ኋላ መመለስ፣ እንደገና መጎተት ነው። ብዙ ተሳለቁበት፤ ተገቢም ነበር።

እኔ ጋ ጉዳዩ የደረሰው በአንድ የሙዚቃ መምህር ወዳጄ በኩል ነው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን እያሰማ ቅኝት የሚያስለምድ ገጽ ፈለገ፤ ድምፁም ፍጥነቱም በማዞሪያ። «ስላይደር ባደርገውስ?» አልኩት። «ስላይደርማ ባንክ ቤት ያስመስለዋል» አለኝ። የትኛው ባንክ ቤት ስላይደር እንዳየ አልጠየቅሁትም።

እውነተኛውን ልምሰል ካላችሁ፣ ማውሱ በማዞሪያው ዙሪያ ክብ ይሠራል፣ ፕሮግራሙም ከመሃል ነጥቡ ተነስቶ ማዕዘኑን ያሰላል። ሲነገር ያምራል። ከመሃሉ ተጠግቶ የያዘ ሰው ግን እጁ ንቅንቅ ባለ ቁጥር ማዞሪያው ሩብ ዙር ይዘላል፤ ራቅ ብሎ ከያዘው ይረጋል፤ ይህን ማንም አይነግረውም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ታች ያለው ክፍተት ነው። ማዞሪያ ከታች ግራ ተነስቶ በላይ ዞሮ ታች ቀኝ ላይ ይቆማል፤ እውነተኛውን ጫፉ ላይ ብረት ያግደዋል። ሥዕሉን ማን ያግደው? ፕሮግራመሩ ካልተጠነቀቀ እጅ በክፍተቱ ላይ ያመለጠ እንደሆነ ዜሮ የነበረው ድምፅ በአንዴ ጣሪያ ይነካል፤ ኢርፎን ላደረገ ሰው ቀልድ አይደለም።

ሌላው መንገድ ክቡን ትቶ ወደ ላይ ሲጎትቱት መጨመር፣ ወደ ታች ሲጎትቱት መቀነስ ነው። ኩቤዝ የተባለው የሙዚቃ ፕሮግራም ምርጫውን ለተጠቃሚው ትቶታል፤ በክብ፣ በአንጻራዊ ክብ፣ ወይም በቀጥታ እንደ ፍላጎታችሁ ይላል፤ ሽማግሌዎች ሳይስማሙ የተነሱበት ስብሰባ ይሸታል። የእኔ ፍርድ ግን ለቀጥታው ነው። ይህ ማለት ጥሩ የስክሪን ማዞሪያ የማዞሪያ ካባ የለበሰ ስላይደር ነው ማለት ነው፤ ወዳጄ እንዳይሰማ።

ታዲያ ካባው ለምን? አንደኛ ቦታ ይቆጥባል። ከዚህም በላይ ደግሞ ለዓይን የሚሰጠው ነገር አለ፤ የመስመሩ ዘንበል ማለት እንደ ሰዓት ቆጣሪ በጨረፍታ ይነበባል። የድምፅ ባለሙያዎችም ልኩን በሰዓት ነው የሚነጋገሩት። የፈረንጅ መመሪያ «ሁለት ሰዓት ላይ አድርገው» ሲል በእኛ ቆጠራ ስምንት ሰዓት እንደሆነ መዘንጋት ነው እንጂ ችግሩ። ማዞሪያ ስክሪን ላይ የጣትን ድርሻ አጥቶ የዓይንን ድርሻ ይዞ ቀረ፤ የጠፋውን መተካት የሠሪው ዕዳ ነው።

ብራውዘር ስላይደር በነጻ ይሰጣል፤ ማዞሪያ ግን የለውም። ስለዚህ እውነተኛውን ስላይደር ዓይን እንዳያየው አድርጌ ከሥዕሉ ጋር አጣበቅሁት። በኪቦርድ ቀስት ይጨምራል፣ ይቀንሳል፤ ዓይነ ስውር ተማሪም በስክሪን አንባቢው «ድምፅ፣ 40 ከመቶ» ሲል ይሰማዋል። ስልክ ላይ ጣት ወደ ላይ ሲጎትት ገጹ አብሮ እንዳይነጉድ እዚያች ቦታ ላይ መከልከል ግድ ነው፤ ጣቱ ማዞሪያውን ስለሚሸፍነውም ቁጥሩ ከላይ ብቅ ይላል። ሁለት ጊዜ ጠቅ ያደረገው ወደ መነሻው ይመለሳል። የድምፁ ነገር ደግሞ ሌላ ስሌት አለው። ጆሯችን ጭማሪን በእኩል ልክ አይሰማም፤ ኃይሉን ከዙሩ ጋር እኩል ካስኬዳችሁት መጀመሪያው ላይ ይጮህና ከዚያ ወዲያ የተለወጠ አይመስልም። የድሮ ሬዲዮ ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ መጀመሪያው ላይ ቀስ ብሎ የሚጨምር ማዞሪያ ነበር የሚገጥሙት። እኛ በቀመር እንተካዋለን።

ሥራው አለቀ ስል ወዳጄ አንድ ነገር ጨመረ፤ ከዜሮ ሲነሳ «ቀጭ» ይበል አለ። በብዙ አሮጌ ሬዲዮ ማብሪያውና ድምፅ መጨመሪያው አንድ ስለነበሩ ነው። ለጌጥ ብሎ ድምፅማ አይሆንም ልለው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። የዛሬ ብራውዘሮች ሰው ገጹን በእጁ ሳይነካ ሙዚቃ እንዲጀምር አይፈቅዱም፤ የድምፅ ሥርዓቱ ተኝቶ የሚጠብቀው ያቺን የመጀመሪያ ንክኪ ነው። ማዞሪያው በእርግጥም ማብሪያ ሆኗል። ቀጭታዋን አስገባሁለት።

«ሲጠፋም ቀጭ ይል ነበር እኮ፣ ወንድሜ» አለኝ።