ከእናቴ ጋር በመናገሻ ሱባ ደን



የዕረፍት ቀን ሲደርስ ቤተሰቡን ይዞ ከከተማ ጩኸት ወጣ ማለትን የማይመኝ ሰው የለም። ዳሩ ግን ብዙዎቻችን ለመውጣት ስንነሣ የምናስበው ስለ ምግቡና ስለ መኪናው እንጂ በእግር ስለምንሄድበት መንገድ አይደለም። እኔም ከእነዚህ አንዱ ነበርኩ። ባለፈው ዓመት የደረሰብን ነገር ግን ትምህርት ስለሆነኝ ላካፍላችሁ ወደድኩ።

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን ይገኛል። በሰበታ በኩል ተጉዞ፣ ከአስፋልቱ ወደ ቀኝ በመታጠፍ በጥርጊያ መንገድ ይደረሳል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት በአፈ ታሪክ ይነገራል። ደኑ ከ2200 ሜትር ገደማ ተነሥቶ፣ ተራራው ጫፉ ላይ 3385 ሜትር ይደርሳል። ከታች ጥድ፣ ዝግባና ወይራ፣ ከፍ ሲሉ ኮሶ፣ ከዚያም በላይ አስታና ጅብራ በየተራቸው ይታያሉ። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል፣ ድኩላም በቁጥቋጦው ውስጥ ሲሰወር ማየት ይቻላል።

ያን ጊዜ እናቴን፣ ባለቤቴንና ሦስት ልጆቻችንን ይዤ ሄድኩ። እናቴ ስልሳ አምስት ዓመት አልፏታል፤ ጉልበቷንም ያማታል። ታላቁ ልጄ «ጅብራ ሳናይ አንመለስም» ሲለኝ እኔም እንደ ልጅ ሆኜ ዳገቱን ተያያዝኩት። እናቴ ከኋላ ነበረች። ዞር እያልኩ «ደከመሽ ወይ?» ስላት «ኧረ ምንም አልሆንኩ፤ ሂዱ» ትለኛለች። እኔም አመንኳት። ቁልቁለቱን ስንጀምር ግን ጉልበቷ አልታዘዝ አላት። ትከሻዬን ይዛ፣ ጥቂት እየተራመደች ጥቂት እያረፈች ስንወርድ መግሪብ እዚያው ጫካ ውስጥ ደረሰብን። አንድ የእጅ ባትሪ እንኳ አልያዝንም ነበር። አልሐምዱ ሊላህ፣ በሰላም ገባን። እናቴ አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገረችኝም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የት እንሂድ በተባለ ቁጥር «እናንተ ሂዱ፤ እኔ ቤት እጠብቃለሁ» ማለት አመጣች። ከወቀሳ ይልቅ ይህ ከበደኝ።

ዘንድሮ በኅዳር ወር ብዙ ለምነን እንድትመጣ ስናደርግ፣ ዕቅዱን የጀመርኩት ከእሷ ጉልበት ነው።

በመጀመሪያ መንገዱን መረጥን። ከደኑ ጽሕፈት ቤት አካባቢ ርዝመታቸው የተለያየ የእግር መንገዶች ይነሣሉ። ከእነዚህ ውስጥ አጭሩን፣ ዞሮ መነሻው ላይ የሚገጥመውን ያዝን። እንዲህ ያለው መንገድ ሲመለሱም አዲስ ነገር ያሳያል። ግን አንድ ችግር አለው፤ ግማሹን ካለፉ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ ወደ ፊት ከመሄድ አያሳጥርም። ስለዚህ የመመለሻው ሰዓት ቤት ውስጥ ሊወሰን ይገባል። ጫካ ከገቡ በኋላ ሁሉም «ትንሽ እንጨምር» ባይ ነውና።

ሁለተኛው ጉዳይ የሰዓቱ ስሌት ነው። ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀላል ዘዴ አለ፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ ዳገት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይታሰባል። ለምሳሌ 4 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 150 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ 63 ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው። ይህ ግን ሳያርፍ ለሚሄድ ብርቱ ጎልማሳ ነው። አዛውንትና ሕፃን ያለበት ቤተሰብ ከነዕረፍቱ ሦስት ሰዓት ቢመድብለት ይበጃል። እኛም ጠዋት 3 ሰዓት ልንነሣ፣ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ግማሹን ካላገባደድን በመጣንበት ልንመለስ፣ ዙህርን መነሻችን ላይ ልንሰግድ ተስማማን።

ሦስተኛው አቅጣጫ ነው። በመድረሳ ቂብላን፣ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ኮምፓስን ተምሬአለሁ። ለካስ ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል፤ መካ ከእኛ ወደ ሰሜን ናትና። ለልጆቼ ኮምፓሱን ሰጥቼ «ስንሄድ ቂብላ ፊታችን ከሆነ፣ ስንመለስ ከጀርባችን መሆን አለበት» አልኳቸው። በየመታጠፊያው ሲከራከሩ መንገዱን አጠኑት።

ስንቃችን ብዙ አልነበረም። ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ አንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ፣ ቆሎና ቴምር፣ የእጅ ባትሪ፣ ለእናቴም ምርኩዝ ያዝን። የውዱእ ውሃ በጀሪካን ለብቻው መኪናው ውስጥ ቀረ። በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ ሹራብ አይረሳም። ከክረምቱ በኋላ ያሉት ደረቅ ወራት፣ ከሳምንቱም ከጁምዓ ይልቅ ቅዳሜ ወይም እሑድ ይመረጣል። ከመነሣት አስቀድሞ የመንገዱን ሰላምና ደኑ ለጎብኚ ክፍት መሆኑን መጠየቅም የግድ ነው።

የመጨረሻውና ዋናው ነገር ማን ይቅደም የሚለው ነው። እናቴን ከፊት አደረግናት። «ደከመሽ ወይ?» የሚለውንም ጥያቄ ተውኩት፤ እናት ለልጇ ደከመኝ አትልም። በእሱ ፈንታ በየሃያ ደቂቃው ሁላችንም እንቀመጥ ነበር።

ልጆቹ መጀመሪያ ላይ አጉረመረሙ። ወዲያው ግን እናቴ ከአንድ ወይራ ሥር ቆማ፣ እሷ ልጅ ሳለች የወተት ዕቃ በጭሱ እንዴት እንደሚታጠን ትነግራቸው ጀመር። ትንሿ ልጄ ለመፋቂያ ልትቀነጥስ እጇን ስትዘረጋ «ተይው እናቴ፤ ይህ የሁሉም ነው» አለቻት። ባለፈው ዓመት በዚያው ደን ውስጥ ስናልፍ ይህን ሁሉ አልሰማንም፤ የምታውቀውን ሰው ከኋላ ትተናት ነበርና።

4 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ግማሹን አለፍን። ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ ዘንድ ስንደርስ ታላቁ ልጄ ፊቱን አጠቆረ። እናቴም «በእኔ ምክንያት ልጁን አትከልክለው» አለችኝ። «ጅብራው የትም አይሄድም፤ የዛሬው መንገድ ያንቺ ነው» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም፤ ምርኩዟን አንሥታ ቀደመችን።

6 ሰዓት ሳይሞላ መነሻችን ላይ ደረስን። ዙህር ሲገባ ውዱእ አድርገን በጀማዐ ሰገድን። እናቴም በያዝንላት ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰገደች። ወደ ቤት ስንመለስ ከኋላ ወንበር እንዲህ አለች፦ «ለሚቀጥለው ወር ቀን ቁረጡ። ጀሪካኑን ግን ትልቅ አድርጉት፤ ውዱእ ላይ ውሃው አጥሮናል።»