የባሕር ማዶ ተማሪና የልብሱ ነገር

ከቤተ ሰባችን አንድ ልጅ ለትምህርት ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ በሆነ ጊዜ የሚደረገውን መሰናዶ የማያውቅ አንባቢ የለም። እናት በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ በሶውንና ቆሎውን ታሰናዳለች፤ አባት ወይም ታላቅ ወንድም ደግሞ ልጁን ወደ ልብስ ሰፊ ይዞት ሄዶ ሙሉ ልብስ ያሰፋለታል። ልጁም በአውሮፕላን ማረፊያ በአዲሱ ልብስ አጊጦ ሲታይ ዘመድ ሁሉ ደስ ይለዋል። እኔም በ2005 ዓ.ም. በመስከረም ወር ለአንድ ዓመት ትምህርት ወደ ስኮትላንድ፣ ወደ ኤዲንብራ ከተማ በሄድሁ ጊዜ እንዲሁ ተደርጎልኛል። ነገር ግን ያ ሙሉ ልብስ የአገራችንን መስከረም የሚያውቅ እንጂ የስኮትላንድን ኅዳር የሚያውቅ አልነበረም።

ኤዲንብራ በባሕር አጠገብ ያለች፣ ነፋሷ ከብርዷ የሚከፋ ከተማ ናት። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ዝናቧም እንደ እኛ ክረምት ዶፉን አውርዶ የሚያባራ ሳይሆን ከጎን እየመጣ ቀኑን ሙሉ የሚያረጥብ ነው፤ ነፋስ ጃንጥላውን ገልብጦበት የሚታገል ሰው ማየት የዘወትር ነገር ነው። ስለዚህ ለተማሪው የሱፍ ካፖርት፣ ሁለት ሹራብ፣ ወፍራም ካልሲና ውሃ የማያስገባ ጫማ የግድ ያስፈልጉታል። በትልቁ መንገድ ባሉት መደብሮች ያየሁት የሱፍ ካፖርት ሁሉ ዋጋው ከመቶ ፓውንድ በላይ ነበር። በዚያን ጊዜ አንዱ ፓውንድ በሠላሳ ብር ገደማ ይመነዘር ስለ ነበር፣ የአንድ ካፖርት ዋጋ እኔ በአገሬ ሳስተምር ከማገኘው የወር ደመወዝ ይበልጥ ነበር። ከቤት ኪራይና ከምግብ ከምትተርፈኝ ገንዘብ ላይ ደግሞ የታናሽ እኅቴ የነርስነት ትምህርት ክፍያ ትወጣ ነበርና፣ እኔ አንዱን ካፖርት የማስተያየው ከሌላ ካፖርት ጋራ ሳይሆን ከእርሷ የትምህርት ወራት ጋራ ነበር።

በብሪታንያ ከተሞች የበጎ አድራጎት ሱቆች የሚባሉ አሉ። ሰዎች የማይለብሱትን ልብስ፣ ያነበቡትን መጽሐፍ፣ የተረፋቸውን ሳህንና ብርጭቆ በነጻ ለእነዚህ ሱቆች ይሰጣሉ፤ አብዛኞቹም ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ሰዎች ዕቃውን ለይተውና ዋጋ ጽፈውበት ይሸጡታል፤ ትርፉም ለድሆች፣ ለሕሙማን፣ ለሕፃናት መርጃ ይውላል። ከእነዚህ ማኅበራት ስሙ የታወቀው ኦክስፋም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1942 በኦክስፎርድ ከተማ ሲመሠረት፣ መነሻው በጦርነቱ ምክንያት በረኃብ ያልቅ ለነበረው ለግሪክ ሕዝብ እህል እንዲደርስ ለማድረግ ነበር። እንግዲህ ዛሬ ተማሪው ካፖርት የሚገዛበት ሱቅ ሥሩ ሲቈፈር ለተራቡ ኦርቶዶክሳውያን የታሰበ ርኅራኄ ሆኖ መገኘቱ ለእኔ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ይህም በአገራችን በኮንትሮባንድ እየገባ በገበያ አፍ ሰልባጅ ወይም ቦንዳ ከሚባለው ልባሽ ጨርቅ የተለየ ነው፤ ሻጩ ነጋዴ አይደለም፣ ገዢውም ባለጠጋም ደኃም ነው።

አብሮኝ የሚኖር አንድ ያገራችን ልጅ ግን ይህን ነገር ከቶ አልወደደውም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰማህምን? በአገሬ ሰልባጅ ያልለበስሁ ሰው እዚህ መጥቼ ልልበስ?» ይለኝ ነበር። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደግሞ የሟች ልብስ ቢሆንስ?» አለኝ። በዚህ በኋለኛው ነገር እውነት ነበረው። አንድ ሽማግሌ ሲሞት ልጆቹ ቤቱን ሲያጸዱ ልብሱን በከረጢት ሞልተው ለእነዚህ ሱቆች መስጠታቸው የተለመደ ነው።

እኔ ግን በጎጃም በቅኔ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝና ይህ አላስደነገጠኝም። ደበሎ ለብሼ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ በየደጁ ስለምን በአንድ የክረምት ማታ አንዲት እናት ከቁራሹ ጋራ አንድ ጋቢ ይዘው ወጡ። «የሟች ባለቤቴ ነው፤ ለነፍሱ ይሁንለት፣ ልበሰው ልጄ» አሉኝ። ያን ጋቢ አራት ዓመት ለብሼዋለሁ፤ ለባለቤቱም ስሙን ጠይቄ በጸሎቴ አስበው ነበር። ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው ዝም አለ። ምሳሌውም ቢሆን በውሰት ጌጥ ስለሚመካ ሰው የተነገረ እንጂ ዋጋውን ከፍሎ ስለ ገዛ ሰው የተነገረ አይመስለኝም። እርሱ በመጨረሻ ከአንድ መደብር አዲስ ካፖርት በርካሽ ገዛ፤ ጨርቁ ግን ሱፍ መሳይ ፖሊስተር ኖሮ እስከ ፋሲካ ድረስ ክርኑ ላይ ሳስቶ ብርሃን ያሳይ ጀመር።

ልጆቻቸውን የሚልኩ ወላጆች ይህን ቢነግሯቸው መልካም ነው፤ ባለጠጎች በሚኖሩበት ሰፈር ያለ የበጎ አድራጎት ሱቅ ከሌላው የተሻለ ልብስ ይኖረዋል። በኤዲንብራ ስቶክብሪጅ የሚባለው ሰፈር በዚህ የታወቀ ነው። ልብሱን ወደ መስኮት አውጥቶ በብርሃን ማየት፣ ብል የበላው ቀዳዳ እንዳለው መፈለግ፣ ብብቱን፣ የእጅጌውን ጫፍና የሱሪውን መቀመጫ መመርመር፣ ከዚያም በውስጥ የተሰፋችውን ምልክት አንብቦ ስንት እጁ ሱፍ እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ቁልፍ የጎደለው ልብስ አያስፈራም፤ ቁልፍ መትከል ማንም ይችላል። ጫማ ግን በሌላ ሰው እግር ቅርጽ የተለመደ ስለ ሆነ እኔ አልመክርም። ጫማ ከልደታቸው ማግስት ጀምሮ በጥር ወር ዋጋ በሚቀነስበት ጊዜ አዲሱን መግዛት ይሻላል፤ የእኛ 42 ቍጥር በእነርሱ 8 ገደማ ነው። ሌላም ብልኀት አለ። በዚያ አገር በአዋቂ ልብስ ላይ 20 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲከፈል ከ14 ዓመት በታች ላሉ ልጆች በተሠራ ልብስና ጫማ ላይ ግን አይከፈልም፤ ስለዚህ ሰውነቷ ቀጠን ያለ ተማሪ ሹራቧን ከልጆች መደብ ብትገዛ ታተርፋለች። ሙሉ ልብስ ከማሰፋት ይልቅ ለልጁ ወፍራም ጋቢ ቢሰጠው እመርጣለሁ። በእኔ ክፍል የማሞቂያው ሒሳብ ከፍ ያላለው በጋቢ ምክንያት ነው።

እኔ ካፖርቴን በ15 ፓውንድ ገዛሁ። ስለ እርሱ ብዙ የሚነገር የለም፤ ሞቀኝ። ስለ ኮቴ ግን መናገር እወዳለሁ። በስቶክብሪጅ በአንዱ ሱቅ የዝናብ ቀን ድንጋይ የሚመስል ቡናማ ኮት በ18 ፓውንድ ተሰቅሎ አገኘሁ። በውስጡ የመስቀል ምልክት ያለባት ሉል የታተመች ምልክት ነበረችበት። የሱቁ አሮጊት ይህ ሃሪስ ትዊድ ነው ብለው ታሪኩን አጫወቱኝ። ሃሪስ ትዊድ ከስኮትላንድ በስተ ምዕራብ ባሉት በውጭ ሄብሪዲስ ደሴቶች የሚሠራ ጨርቅ ነው። በ1993 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የብሪታንያ ፓርላማ ባወጣው ሕግ መሠረት፣ ሱፉ በዚያው በደሴቶቹ ተነክሮና ተፈትሎ፣ የደሴቱም ሰው በገዛ ቤቱ በእጅ የሸመነው ካልሆነ በቀር ማንም በዚህ ስም ሊሸጠው አይችልም። ሸማኔው ያለ ሞተር በእግሩ እየረገጠ ይሸምነዋል። ይህን ስሰማ በጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ እግሩን በመርገጫው ላይ አድርጎ መወርወሪያውን የሚወረውረው የአገራችን ሸማኔ በዓይኔ መጣብኝ። እነርሱ ሸማኔያቸውን በፓርላማ ሕግ ሲጠብቁት፣ እኛ ግን የሚያለብሰንን ሰው ቁጢት በጣሽ እያልን ስንሰድብ ኖረን አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ እስኪከለክሉ ደርሰናል። አዋጁም ወጥቶ ስድቡ ከአንዳንዱ አፍ ቶሎ አልወጣም።

ኮቱን ለብሼ የተነሣሁትን ፎቶግራፍ ወደ ቤት በላክሁ ጊዜ እናቴ ስልክ ደወለች። ሰፈሩ ሁሉ ፎቶግራፉን አይቶ «ልጅሽ ባለጠጋ ሆነ» እንዳላት ነገረችኝና «አዲስ ነው?» አለችኝ። ከውጭ የሚጠበቅ ሰው በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ ይፈተናል፤ አዲስ ነው ያለ ሰው በሚቀጥለው ወር ለአጎቱም ለአክስቱም ልጅ አዲስ ይጠየቃልና። ሌላ ሰው የለበሰው መሆኑንና ዋጋውንም ነገርኋት። ጥቂት ዝም ብላ «የእኅትህን ክፍያ ልከሃል?» አለች። ልኬአለሁ አልኋት። «እንግዲያስ ጠበል እርጭበትና ልበሰው» አለችኝ። ጠበሉን ወደ አገሬ ስመለስ አደርስለታለሁ ብዬ ሁለታችንም ሳቅን።

የኮቱ ገበር በ2010 ዓ.ም. ስለ ተቀደደ በሰፈራችን ወዳሉት ልብስ ሰፊ ወሰድሁት። ሽማግሌው ገበሩን ፈትተው ጨርቁን በጣታቸው መካከል አሽተው ጥቂት ካዩ በኋላ «መምህር፣ ይህን የሸመነው መኪና አይደለም፤ የሰው እጅ ነው» አሉኝ። የት እንደ ተሸመነ ስነግራቸው የሸማኔውን ስም ጠየቁኝ፤ አላውቀውም አልኋቸው። ለአዲሱ ገበርና ለእጃቸው 250 ብር ተቀበሉኝ።