ስሜ የተፋቀባት ግጥም

አምና በዚህችው መጽሔታችን የወጣች ግጥሜን የሌላ ሰው ስም ተለጥፎባት ኢንተርኔት ላይ አገኘኋት። ደሜ ፈላ! «አስነሣት እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?» አለኝ የዶርም ጓደኛዬ።

እውነቱን ነው። ገጹ የተቀመጠው አሜሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የዚያ አገር ሕግ ደግሞ ቀላል መንገድ አለው። ባለመብት ነኝ ባይ አቤቱታ ሲጽፍ፣ አስተናጋጁ ድርጅት አብሮ እንዳይጠየቅ ጽሑፉን ቶሎ ያነሣል። ዳኛ የለ፣ ምስክር የለ! ለጣፊው «ስሕተት ነው» ብሎ ቢከራከር እንኳ፣ ካልተከሰሰ ጽሑፉ የሚመለስለት ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ቆይቶ ነው።

አቤቱታዬን ጽፌ ልልክ ስል እጄ ያዘኝ። የተነቀፈ ሁሉ «የኔ ነው» እያለ የነቃፊውን አፍ ለሁለት ሳምንት ቢዘጋስ? (ደግሞ እኔም በፎቶ ኮፒ መጽሐፍ ነው እዚህ የደረስኩት፤ አደራ፣ ለማንም እንዳትነግሩ።) ዝም ብል ደግሞ ግጥሜን ለሌባ መመረቄ ነው።

ለራሱ ለለጣፊው «ስሜን ብቻ መልስልኝ» ብዬ ጻፍኩለት። ይኸው ሦስት ሳምንት፤ መልስ የለም። አቤቱታውም እንደተጻፈ ተቀምጧል።